የሩቅ ጊዜ ገንዘባችንን ማን ይመርምርልን?

ታክሲ የሚነዳ ወይም ሱቅ የከፈተ ወገን አሠሪው ራሱ ነው። ይህ ትልቅ ነፃነት ነው፤ ዋጋም አለው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በትልቅ ኩባንያ የሚሠራ ሰው ከደመወዙ ለጡረታ እየተቆረጠለት፣ ብዙ ጊዜም አሠሪው እየጨመረለት ዓመታት ያልፋሉ። ለእኛ ይህን የሚያደርግልን የለም። ሶሻል ሴኩሪቲ አለ፤ ሆኖም እሱን ለማግኘት 40 ነጥብ፣ ማለትም ቢያንስ የ10 ዓመት ሥራ ያስፈልጋል። መጠኑም የሚሰላው ለመንግሥት ባስታወቅነው ገቢ ነው፤ ገቢውን ዝቅ አድርጎ ያስታወቀ፣ ዝቅ ያለ ጡረታ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከ20 ዓመት በኋላ መሪውን ስንለቅ ወይም ሱቁን ስንዘጋ የምንኖርበት ገንዘብ በአብዛኛው ዛሬ እኛው የምናስቀምጠው ነው።

ይህን ተረድተው ዕቁብ ሲደርሳቸው ከገንዘቡ ላይ ቀንሰው አይ አር ኤ ወይም ለግል ሥራ ባለቤቶች የተዘጋጀውን ሴፕ አይ አር ኤ ውስጥ የሚያስገቡ፣ በዓለም ገበያ የተሰማራ ፈንድ የገዙ ወገኖች አሉ። እሰየው የሚያሰኝ ነው። ከዚህ ጋር ግን አንድ ጥያቄ ተከትሎ ይመጣል። የፖስታ ሳጥኑም፣ ኢሜይሉም፣ «ለዓመት ይህን ያህል ይክፈሉ፣ የዓለምን ገበያ አጥንተን እናቀርብልዎታለን» በሚሉ ማስታወቂያዎች ይሞላል። ይከፈል ወይስ አይከፈል?

የዚህ ዓምድ አስተያየት ባጭሩ ይኸውና። የጥናት አገልግሎት ያለንን ነገር በዓመት አንድ ጊዜ ለመመርመር ጥሩ መሣሪያ ነው። «ዛሬ ምን ልግዛ?» ብሎ ለመጠየቅ ግን የሚታመን አማካሪ አይደለም። ለመሣሪያውም ቢሆን አብዛኞቻችን ከኪሳችን መክፈል አያስፈልገንም።

አገልግሎቶቹ ምን ዓይነት ናቸው?

በአሜሪካ ከታወቁት ውስጥ ሁለቱን እንውሰድ። ቫልዩ ላይን የተባለውን አርኖልድ በርንሃርድ የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1931፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ነው። ሥራው 1,700 ያህል ኩባንያዎችን እየተከታተለ ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ማዘጋጀት ነው። በዚያች አንድ ገጽ ላይ ኩባንያው ለብዙ ዓመታት ያገኘው ገቢ፣ ትርፉ፣ ዕዳውና ለባለአክሲዮኖች ያከፋፈለው ገንዘብ በተርታ ተደርድሮ ይገኛል። ገጹ በየ13 ሳምንቱ ይታደሳል።

ሁለተኛው ሞርኒንግስታር ነው። ጆ ማንሱዌቶ እ.ኤ.አ. በ1984 በቺካጎ ሲጀምረው ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ትልልቆቹ ድርጅቶች ስለ ፈንዶች የሚያዩትን መረጃ ተራው ሰውም በአንድ ቦታ ያግኝ የሚል ነው። በ1985 ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ የሚሰጠውን ደረጃ አወጣ። ዛሬ የፈንድ ሻጩ ሁሉ «አምስት ኮከብ አለው» እያለ የሚያስተዋውቀው ይህንኑ ነው።

ይህ ኮከብ ምን እንደሆነ በትክክል ማወቅ ተገቢ ነው። ኮከቡ የሚሰጠው ፈንዱ ከአምሳያዎቹ ጋር ተወዳድሮ ባለፉት ዓመታት ያስገኘው ውጤት ከነአደጋው ተመዝኖ ነው። ከአንድ ዓይነት ፈንዶች መካከል ላይኞቹ 10 በመቶ አምስት ኮከብ፣ ታችኞቹ 10 በመቶ አንድ ኮከብ ያገኛሉ። እንግዲህ ኮከቡ ስለ ትናንት ይናገራል እንጂ ስለ ነገ አይናገርም። ኩባንያው ራሱም ኮከቡ የምርመራ መነሻ እንጂ የግዢ ትእዛዝ አይደለም ይላል። የወደፊቱን የሚገምት ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ የሚባል ሌላ ደረጃም አለው፤ እሱም ግምት ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በአሜሪካ የኢንቨስትመንት አማካሪዎች የሚተዳደሩት እ.ኤ.አ. በ1940 በወጣ ሕግ ነው። ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1985 በሰጠው ውሳኔ፣ ለሁሉም አንባቢ አንድ ዓይነት ጽሑፍ የሚያቀርብ አሳታሚ እንደ አማካሪ መመዝገብ አይገደድም። ይህ ምን ማለት ነው? ደንበኝነት የገዛንበት ጽሑፍ ዕድሜያችንን፣ ዕዳችንን፣ የልጆቻችንን ትምህርት፣ አገር ቤት የምንረዳቸውን ወላጆች አያውቅም፤ የማወቅ ግዴታም የለበትም። ያው ጽሑፍ የ30 ዓመቱ ወጣትም የ64 ዓመቱ አዛውንትም ዘንድ ይደርሳል። ከገጹ ላይ «ግዛ» የሚለውን ቃል አንብቦ መሮጥ ለሌላ ሰው የታዘዘን መድኃኒት እንደመዋጥ ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ አራት ጥያቄ

ታዲያ ጥቅሙ ምን ላይ ነው? ጥቅሙ ምርመራው ላይ ነው። መኪናችንን በየጊዜው ለምርመራ እናቀርባለን፤ ሱቃችንን በዓመት አንድ ጊዜ እንቆጥራለን። ለጡረታ ያስቀመጥነውንም እንደዚያው መቁጠር ይገባል። ጥሩው ጊዜ ግብር ከፍለን ስንጨርስ ነው፤ ወረቀቱ ሁሉ በእጃችን ላይ ነው። የሚጠየቁትም አራት ናቸው።

አንደኛ፣ በዓመት ስንት ይቆረጥብኛል? ፈንዱ ለአስተዳደር የሚወስደው ክፍያ በመቶኛ ይጻፋል፤ ቁጥሩ ትንሽ ስለሚመስል ብዙ ሰው ያልፈዋል። እናስላው። 10,000 ዶላር በዓመት 7 በመቶ ቢያድግ ከ30 ዓመት በኋላ ወደ 76,000 ዶላር ይደርሳል። ከዚያ ላይ በየዓመቱ 1 በመቶ ቢቆረጥና እድገቱ 6 በመቶ ቢሆን ግን የሚገኘው ወደ 57,000 ዶላር ነው። ልዩነቱ 19,000 ዶላር ያህል፣ ማለትም መጀመሪያ ካስገባነው እጥፍ ገደማ ነው። ዛሬ ዓለምን በሙሉ የሚይዙ፣ በዓመት ከ0.10 በመቶ በታች የሚያስከፍሉ የኢንዴክስ ፈንዶች አሉ። ስለዚህ 1 በመቶ የሚጠይቅ ፈንድ የያዘ ሰው፣ ለዚያ ክፍያ ምን እንደሚያገኝ መጠየቅ አለበት።

ሁለተኛ፣ ውስጡ ያለው ምንድን ነው? አንድ ወገን አራት ፈንድ ይዞ አራት ዓይነት ነገር ያለው ሊመስለው ይችላል። የመጀመሪያው የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች፣ ሁለተኛው የዕድገት፣ ሦስተኛው የቴክኖሎጂ፣ አራተኛው የዓለም ይባላል። ሲገለጥ ግን በአራቱም ራስ ላይ ማይክሮሶፍት፣ አፕልና ኤንቪዲያ ተቀምጠው ይገኛሉ። ይህ በአራት ስም የሚጠራ አንድ ዕቃ ነው። የጥናት አገልግሎቶች ለዚህ ጥሩ ናቸው፤ ሞርኒንግስታር የፈንዶቻችንን ዝርዝር ስናስገባ ውስጣቸውን እንደ ራጅ አንስቶ የሚያሳይ መሣሪያ አለው። ስሙንም ኤክስሬይ ብሎታል።

ሦስተኛ፣ በየትኛው አገር ነው ያለው? «የአሜሪካ ገበያ ይበቃኛል» የሚል ወገን ብዙ ነው፤ ከ2010 ወዲህ ያለውን ለሚያይ ሰው ደግሞ አባባሉ ምክንያት ያለው ይመስላል። ግን ወደ ኋላ ትንሽ ራቅ ብለን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2009 ባሉት አሥር ዓመታት ኤስ ኤንድ ፒ 500 ውስጥ የቆየ ገንዘብ፣ ክፍፍሉ ተጨምሮበት እንኳ፣ ከገባው ያነሰ ነበር። በዚያው ጊዜ በአዳጊ አገሮች አክሲዮን ላይ የዋለ ገንዘብ ከእጥፍ በላይ አድጓል። በተከታዩ አሥር ዓመት ነገሩ ተገለበጠና አሜሪካ ቀደመች። ማን እንደሚቀድም አስቀድሞ የሚነግረን ጥናት የለም።

የጃፓንም ታሪክ አለ። በ1989 መጨረሻ ዓለም ሁሉ ጃፓንን ያደንቅ ነበር፤ የኒኬይ መለኪያ 38,915 ደረሰ። ከዚያ ወደቀ፤ ያን ቁጥር መልሶ ያለፈው በየካቲት 2024፣ ከ34 ዓመት በኋላ ነው። በ40 ዓመት ዕድሜው ገንዘቡን ሁሉ እዚያ ያኖረ ሰው 74 ዓመቱ ላይ መሆኑ ነው። ሩሲያን ደግሞ እንይ። በ2022 ዩክሬንን ስትወር አክሲዮኖቿ ከዓለም አቀፍ መለኪያዎች ወጡ፤ የወጡትም ዋጋቸው ዜሮ ያህል ሆኖ ነው። የዓለምን ሁሉ ፈንድ የያዘ ሰው ጉዳቱ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ነበር። ሩሲያን ብቻ የያዘው ግን ባዶ እጁን ቀረ። በብዙ አገር መበተን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የአሜሪካ ግብር ከፋይ የሆነ ሰው ዓለም አቀፍ ፈንድ ሲፈልግ፣ አሜሪካ ውስጥ ተመዝግቦ የውጭ አገር አክሲዮን የሚገዛውን ይፈልግ። በአውሮፓ ወይም በሌላ አገር የተመዘገበ ፈንድ መያዝ ከባድ ግብርና አስቸጋሪ ቅጽ ያስከትላል። በውጭ አገር ባንኮች ያለን ገንዘብም በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ ተደምሮ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለመንግሥት ማስታወቅ ግዴታ ነው።

አራተኛ፣ ካምና ወዲህ ምን ተለወጠ? ፈንዱ አስተዳዳሪ ለውጦ ይሆን? ክፍያ ጨምሮ ይሆን? እኛስ? ስንጀምር ከመቶው 70 አክሲዮን፣ 30 ቦንድ አድርገን ከነበረ፣ ገበያው ሲያድግ ሳንነካው 85 ለ15 ሆኖ ሊጠብቀን ይችላል። ጡረታ በቀረበ ቁጥር ይህ አደጋ ነው። ወደ ነበረበት መመለስ በአይ አር ኤ ውስጥ ሲደረግ በመሸጡ ምክንያት የዚያን ዓመት ግብር አያስከፍልም፤ ከአይ አር ኤ ውጭ ከሆነ ግን በትርፉ ላይ ግብር ሊኖር ስለሚችል ቀድሞ ማስላት ይገባል።

አራቱ ጥያቄዎች ከተመለሱ ወረቀቱን አጥፎ እስከሚቀጥለው ዓመት ማስቀመጥ ነው። የጥናት አገልግሎት በየሳምንቱ አዲስ ነገር መላክ አለበት፤ የሚኖረው በዚያ ነውና። እኛ ግን በየሳምንቱ መሸጥና መግዛት የለብንም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል።

ጥናቱ የማያየው

ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ ይህ ነው። የጥናት አገልግሎቱ የሚመረምረው ያስገባንለትን ብቻ ነው። የብዙዎቻችን ዋና ሀብት ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ታክሲያችን፣ ሱቃችን፣ ቤታችን፣ አገር ቤት የጀመርነው ግንባታ ነው።

የኒውዮርክን የታክሲ ሜዳሊያ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣ ሕግ የፈቃዱ ቁጥር ስለተወሰነ ዋጋው ለአሥርት ዓመታት ሲወጣ ኖረ፤ በ2014 አካባቢ አንዱ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። «ሜዳሊያ አይወርድም» የተባለውን አምነው በብድር የገዙ ስደተኞች ብዙ ነበሩ። የስልክ ታክሲዎቹ መጡ፤ ብድሩም ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ በ2018 ዋጋው ከ200,000 ዶላር በታች ወረደ። በ2021 ባለታክሲዎች በከተማው ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ የረሃብ አድማ መቱ፤ ከተማዋም ብዙዎቹ ብድሮች ወደ 170,000 ዶላር ዝቅ እንዲሉ ስምምነት ላይ ደረሰች። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ በቀን 12 ሰዓት የሚነዱ ነበሩ። ችግሩ የዕለት እንጀራቸውም፣ ጡረታቸውም፣ ዕዳቸውም በአንድ ነገር ላይ ማረፉ ነው። ያ ነገር ሲወድቅ ሁሉም አብሮ ወደቀ። ሜዳሊያ በሌለበት ከተማ የምንሠራውም ብንሆን ትምህርቱ ለእኛም ነው። በታክሲ የሚተዳደር ሰው የጡረታ ገንዘቡን ከታክሲና ከትራንስፖርት ሥራ ያርቅ፤ የግሮሰሪ ባለቤትም ቁጠባውን ሌላ ሱቅ ላይ ብቻ አይከምር።

የአገር ቤቱም እንደዚሁ ነው። በአገር ላይ መሥራት የተቀደሰ ሐሳብ ነው፤ ግን ለጡረታ የተቀመጠ ገንዘብ በስሜት ብቻ አይመራም። በ2016 የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንኮችና በኢንሹራንስ ኩባንያዎች የነበራቸውን አክሲዮን እንዲለቁ ተደረገ፤ በ2019 ሕጉ ተለወጠና በሩ እንደገና ተከፈተላቸው። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዚያው የፈረንጅ ዓመት መጨረሻ ከ120 ብር በላይ ሆነ። ዶላር መንዝሮ በብር አክሲዮን የገዛ ሰው አክሲዮኑ በብር ባይቀንስ እንኳ፣ በዶላር ሲሰላ ግማሹ ሄዷል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2025 ተመርቆ መከፈቱ መልካም ዜና ነው። ሆኖም ይህን ዓይነቱን የሕግና የምንዛሪ አደጋ አምስት ኮከብ አይነግረንም። ስለዚህ ዝርዝሩን ስናዘጋጅ ታክሲውንም፣ ሱቁንም፣ የአዲስ አበባውንም ቤት በእጃችን ጽፈን እንጨምርበት። ያኔ ነው ምን ያህሉ ሀብታችን በአንድ ቦታ እንደተከማቸ የሚታየን።

ስንት ያስወጣል?

አሁን ወደ ክፍያው እንመለስ። ደንበኝነቱ በዓመት 250 ዶላር ነው እንበል። 100,000 ዶላር ላለው ሰው ይህ ከገንዘቡ 0.25 በመቶ ነው። 10,000 ዶላር ላለው ግን 2.5 በመቶ ነው፤ ማለትም ርካሽ ፈንድ መርጦ ያዳነውን ሁሉ መልሶ ለጥናት መክፈል ነው። ይህን ወጪ የታክሲው ወይም የሱቁ ወጪ አድርጎ ከግብር መቀነስም አይቻልም፤ የግል ኢንቨስትመንት ወጪ ነውና። ቀድሞ በአንዳንድ ሁኔታ ይቀነስ የነበረው እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ቀርቷል፤ በ2025 የወጣው ሕግም በዚያው አጽንቶታል።

ደግነቱ ብዙዎቹ የአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለቫልዩ ላይን ወይም ለሞርኒንግስታር፣ አንዳንዶቹም ለሁለቱም፣ ከፍለው ለአንባቢዎቻቸው በነፃ ያቀርባሉ። በላይብረሪ ካርድ ከቤት ሆኖ በኮምፒውተር ማየት የሚቻልበት ቦታም ብዙ ነው። ለዚህ የሚከፈለው ከእኛው ግብር ነው፤ መጠቀም መብታችን ነው። የፈንዱ ክፍያ ስንት እንደሆነ ደግሞ በራሱ በፈንዱ መግለጫ መጽሐፍ መጀመሪያ ገጾች ላይ መጻፍ አለበት፤ ይህም በነፃ ይገኛል። «እኔ አዋጥቼ ላሠራልህ» የሚለን ሰው፣ የአገራችን ልጅም ቢሆን፣ ፈቃድ ያለው መሆኑንና ክስ የነበረበት መሆኑን ፊንራ በሚያቀርበው ብሮከርቼክ ላይ ያለ ክፍያ ማየት ይቻላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ከፍሎ መግዛት የሚገባው ማን ነው? ብዙ ገንዘብ ያለው፣ በየኩባንያው አክሲዮን መርጦ የሚገዛ፣ ገጹን በእርግጥ የሚያነብ ሰው ነው። እሱም ቢሆን ከመክፈሉ በፊት ደንበኝነቱ በራሱ ጊዜ የሚታደስ መሆኑን ይጠይቅ፤ የሚያበቃበትንም ቀን በካላንደሩ ላይ ይጻፍ። ሳይነበብ በየዓመቱ ከክሬዲት ካርድ የሚቆረጥ ጥናት ማንንም አልጠቀመም።

«ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን የምንናገረው በዓመት ስለ ግማሽ ቀን ነው። አንብቡልን የምንላቸው ልጆችም አሉን፤ ኮሌጅ የገባው ልጅ ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ገጹን ቢገልጥ፣ ወላጅ ገንዘቡን ያውቃል፤ ልጅም ለራሱ ይማራል። የዕቁብ ማኅበሮቻችንም ዳኛና ጸሐፊ አላቸው፤ በዓመት አንድ ቀን ዕጣው ከወጣ በኋላ አራቱን ጥያቄዎች አብሮ ማንሳት አያቅትም። እያንዳንዱ የገንዘቡን መጠን መናገር አያስፈልገውም፤ ክፍያውንና የፈንዱን ስም ማወዳደር ብቻ ይበቃል።

እንግዲህ አንባቢያን፣ ደክመን ያገኘነውን ገንዘብ ለሌላ ሰው አስረክበን እንዳንረሳው፣ በየሳምንቱም በወሬ እንዳናምሰው አደራ። የሚቀጥለው የግብር ወረቀት ከመድረሱ በፊት የላይብረሪ ካርድ ያላወጣ ያውጣ፤ ያለውንም በአንድ ገጽ ላይ ዘርዝሮ ይጻፍ።

ቸር ይግጠመን።